የጣናን አረንጓዴ ውሃ መመርመር፦ ማይክሮአልጌን የማየት፣ የመለየትና የማሳደግ ዝርዝር መመሪያ

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የጣና ውሃ መጥራት ይጀምራል። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡት ደለል ቀስ እያለ ይዘቅጣል። የፀሐይ ብርሃንም ወደ ውስጥ መዝለቅ ይችላል። ሐይቁ አረንጓዴ የሚሆነው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በጣና ብርሃን አስተፃምሮ ከዓመቱ ሁሉ ከፍ የሚለው በዚሁ ከክረምት በኋላ ባለው ወቅት እንደሆነ አሳይቷል። ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ዝርያም በዚያው ሰሞን ይፈላል።

አብዛኛው ሰው ይህን አረንጓዴ አይቶ «አልጌ ነው» ብሎ ያልፋል። በአንድ ማንኪያ ውሃ ውስጥ ግን ማይክሮአልጌ የምንላቸው፣ በዓይን የማይታዩና በዝምድና እጅግ የተራራቁ ፍጥረታት ይኖራሉ። አንዱ የቆሮሶ ቀለብ ነው። ሌላው ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ከብት የሚያጠጣ ገበሬ፣ ዓሣ የሚያረባ ወጣት፣ ከሐይቁ ቀድቶ የሚጠጣ ቤተሰብ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ደግሞ የግድ ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲንና ጥቂት ባዶ ሃይላንዶች ብዙውን ሥራ ይሠሩላችኋል።

መለያችን የዘር ሐረጋቸው ነው። ማን ከማን እንደመጣ ካወቃችሁ ቀለማቸውም፣ ቅርጻቸውም፣ አዮዲን ሲነካቸው የሚያሳዩት ለውጥም ትርጉም ይኖረዋል።

ምን ምን ያስፈልጋል?

እስከ 400 ጊዜ የሚያጎላ ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድና መሸፈኛ መስታወት፣ አዮዲን፣ በረኪና፣ የመድኃኒት ጠብታ መጣያ፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ፣ ገመድ፣ ጓንት፣ ማስታወሻ ደብተር። ለማሳደጉ ሥራ ደግሞ ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ፣ ጥቂት የጓሮ አፈር፣ ግራም የሚለካ ትንሽ ሚዛን። ማይክሮስኮፕ ከሌላችሁ በአካባቢያችሁ ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ማይክሮስኮፑ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠቀምበት ሰው ያጣ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ውሃ መቅዳት

ውሃው ውስጥ አትግቡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ስለዚህ ጠርሙሱን በገመድ አስራችሁ ከደረቅ ቦታ ወይም ከጀልባ ላይ ወርውሩ። ጓንት አድርጉ። አረንጓዴው እንደ ቀለም ወፍሮ ከተንሳፈፈ በባዶ እጅ አትንኩት፣ ልጆችንም አታስጠጉ።

ከአንድ ቦታ ብቻ አትቅዱ። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ምረጡ። አንዱ የከተማው ጎርፍና ፍሳሽ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ይሁን። ሁለተኛው ደንገል ወይም እምቦጭ ያለበት ጥግ፣ ሦስተኛው ከዳር ራቅ ያለ ክፍት ውሃ። ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ጀልባ ካገኛችሁ ለሦስተኛው ይበቃል። ንፋስ የተንሳፈፈውን ሁሉ ወደ አንድ ዳር ስለሚገፋ የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ። ሰዓቱንም ጻፉ። ጠዋት ረጋ ያለ ውሃ ላይ የምታዩትና ከሰዓት በኋላ ሲናወጥ የምታዩት አንድ አይሆንም።

እግረ መንገዳችሁን የውሃውን ጥራት ለኩ። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ክዳን ወይም ሳህን ፈልጉ፤ አራት ቦታ ከፍላችሁ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቃችሁ ቀቡት፤ ከሥሩ ድንጋይ እሰሩና ምልክት ባለው ገመድ ወደ ውሃው ልቀቁት። ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት መዝግቡ። ዘዴው ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የጀመረው ነው። ዛሬም የሐይቅ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። ጣና ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በክረምት ሳህኑ ቶሎ የሚጠፋው በደለል እንጂ በአልጌ ብዛት አይደለም። ቡናማ መሆኑንና አረንጓዴ መሆኑን ካልጻፋችሁ ቁጥሩ ብቻውን ያሳስታችኋል።

ከእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ጠርሙስ ውሰዱ። አንዱን እንዳለ በጥላ ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመልከቱት። ሁለተኛው ላይ ውሃው የቀጭን ሻይ መልክ እስኪይዝ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። አዮዲኑ ሕዋሳቱን ገድሎ ቅርጻቸውን ያቆይላችኋል። አንድ ሌሊት ሲያድር ሁሉም ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ ያለውን በሲሪንጅ ቀስ ብላችሁ ካስወገዳችሁ ከታች የተጠራቀመው ለማየት ምቹ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ የአንድ ሌሊት ሙከራ

ይህን ሙከራ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ማይክሮስኮፕም አይፈልግም። አዮዲን ያልነካውን ውሃ በብርጭቆ ማሰሮ ሦስት አራተኛ ያህል ሙሉና ክደኑት። ሳይነቃነቅ ፍሪጅ ውስጥ ወይም ቀዝቃዛ ጨለማ ቦታ አሳድሩት። ጠዋት ሳትነኩት ተመልከቱ። አረንጓዴው ወደ ላይ ወጥቶ ቀለበት ወይም ሽፋን ከሠራ ሳያኖባክቴሪያ (ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች) መሆኑን ጠርጥሩ። እነማይክሮሲስቲስ በሕዋሳቸው ውስጥ አየር የሚይዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሏቸው ይንሳፈፋሉ። ወደ ታች ከዘቀጠ ወይም በውሃው ሁሉ ከተበተነ ግን ሌሎቹ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዳር ላይ ቆማችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ሌላም ዘዴ አለ። ረዘም ያለ እንጨት ውሃው ውስጥ አስገብታችሁ አውጡ። እንደ ፀጉር የተንጠለጠለ ነገር ይዞ ከወጣ ክር መሰል አረንጓዴ አልጌ ነው። ቀለም የተነከረ መስሎ ከወጣ ሳያኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል።

መርዝ መኖር አለመኖሩን ግን በዚህ አታውቁም። የማይክሮሲስቲስ ዝርያ ሁሉ መርዘኛ አይደለም፤ መርዘኛውንና መርዝ የሌለውን ደግሞ ዓይን አይለየውም፣ ማይክሮስኮፕም አይለየውም። ስለዚህ ሽፋን ከታየ ውሃው መርዘኛ እንደሆነ ቆጥራችሁ ተጠንቀቁ። ማፍላት አያድንም። ማይክሮሲስቲን የተባለው መርዝ በሙቀት አይጠፋም፤ ሕዋሶቹ ሲፈነዱ እንዲያውም ወደ ውሃው ይለቀቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መነሻ ገደብ በሊትር 1 ማይክሮግራም ነው። በጣም ትንሽ መጠን ነው። ከብቶችንም ከዚያ ዳር አርቃችሁ ሌላ ቦታ አጠጡ።

3ኛ ደረጃ፦ በማይክሮስኮፕ መለየት

አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉ፣ መሸፈኛውን በአንድ ጎን አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ጣሉት። መጀመሪያ በ100፣ ቀጥሎ በ400 ተመልከቱ። አሁን የዘር ሐረጉ ይጠቅማችኋል።

*ሳያኖባክቴሪያ።* እነዚህ በደንብ ካሰብነው አልጌ አይደሉም፣ ባክቴሪያ ናቸው። ኒውክለስ የላቸውም። ቀለማቸው ሕዋሱን ሙሉ ለሙሉ ሞልቶ ይታያል፤ ተለይቶ የተቀመጠ አረንጓዴ ክፍል አታዩም። ማይክሮሲስቲስ ቅርጽ በሌለው ዝልግልግ ነገር የተያያዙ እጅግ ጥቃቅን ኳሶች ክምር ነው። በአየር ከረጢቶቹ ምክንያት ጠቆር ብሎ ይታያል። ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እየሠሩ ኦክስጅን መልቀቅን የጀመሩት የእነዚህ ቅድመ አያቶች ናቸው። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የምድርን አየር የለወጡትም እነሱ ናቸው።

*አረንጓዴ አልጌ።* ከቢሊዮን ዓመት በፊት አንድ ሌላ ሕዋስ ሳያኖባክቴሪያ ዋጠ። ግን አልፈጨውም፤ ውስጡ አኖረው። የተዋጠው ውሎ አድሮ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ክፍል ሆነ። ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ሜሬዥኮቭስኪ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1905 አቀረበ፤ ለረጅም ጊዜ ግን ሰሚ አላገኘም። አሜሪካዊቷ ሊን ማርጉሊስ እ.ኤ.አ. በ1967 እንደገና አነሳችው። በኋላ ክሎሮፕላስት የራሱ ዲኤንኤ እንዳለውና ዲኤንኤውም ከሳያኖባክቴሪያ ጋር እንደሚዛመድ ሲረጋገጥ ክርክሩ አበቃ። ጤፍም፣ ጌሾም፣ የዘጌ ቡናም የዚያ የጥንት መዋጥ ልጆች ናቸው።

ለዚህ ቤተሰብ የሚሆን ቆንጆ ፈተና አለ። አረንጓዴ አልጌ ልክ እንደ ድንች ስታርች ያከማቻል። ስታርች ደግሞ አዮዲን ሲነካው ሰማያዊ ጥቁር ይሆናል። በመሸፈኛው ጠርዝ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ፣ በተቃራኒው ጎን ደረቅ ሶፍት አስነኩ። ሶፍቱ ሲስብ አዮዲኑ ከሥር ያልፋል። ውስጡ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀለበት የታየበት ሕዋስ አረንጓዴ አልጌ ነው። ሳያኖባክቴሪያና ዳያተም ቢጫ ወይም ቡናማ ሆነው ይቀራሉ። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ፊታቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል። ሴኔዴስመስን በቀላሉ ታገኙታላችሁ፤ አራት ወይም ስምንት ሞላላ ሕዋሳት ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ።

*ዳያተም።* ወርቃማ ቡናማ ናቸው። ቅድመ አያታቸው የዋጠው ሳያኖባክቴሪያ አልነበረም፤ አስቀድሞ ሳያኖባክቴሪያ የዋጠ ቀይ አልጌ ነበር። በመዋጥ ላይ መዋጥ ማለት ነው። ቀለማቸው ከሌሎቹ የሚለየው ለዚህ ነው። ቅርፊታቸው የመስታወት ዓይነት ሲሊካ ነው። ቅርፊቱን በደንብ ለማየት አዮዲን ካልነካው ዝቃጭ ጥቂት ወስዳችሁ በረኪና ጨምሩበትና አሳድሩት። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ በየመሐሉ እስኪዘቅጥ ጠብቁ። ለስላሳው አካል ይጠፋል፣ መስታወቱ ብቻ ይቀራል። በረኪናውን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። በጣና ብዙ ጊዜ የሚታየው አውላኮሴራ የሚባለው ነው፤ አጫጭር ሲሊንደሮች ጫፍ ለጫፍ ተቀጣጥለው ይመስላል።

መስታወቱ ስለማይበሰብስ ዳያተም ታሪክ ይይዛል። ከጣና ወለል ተቆፍሮ የወጣ ደለል ሲመረመር ከታች የተገኙት ጥልቀት በሌለው ረግረግ የሚኖሩ ዳያተሞች ነበሩ። ተመራማሪዎች ከዚህና ከሌሎች ማስረጃዎች ተነስተው ሐይቁ ከ16 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ደርቆ እንደነበር ደረሱበት። ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሞልቶ እንደገና ወደ አባይ መፍሰስ ጀመረ። የእኛ ጣና ደርቆ እንደሚያውቅ የነገሩን በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው።

*ዩግሊና።* ፍሳሽ ከሚገባበት ቦታ በቀዳችሁት ውስጥ ፈልጉት። ይዋኛል፣ ሰውነቱን ይጠቀልላል፣ ቀይ የዓይን ነጥብ አለው። አረንጓዴ ነው፤ አዮዲን ግን አያጠቁረውም። ምክንያቱም አረንጓዴ አልጌ የዋጠ የሌላ ወገን ፍጥረት ነው፤ የሚያከማቸውም ስታርች አይደለም።

4ኛ ደረጃ፦ በሃይላንድ ማሳደግ

የምናሳድገው አረንጓዴ አልጌን ነው። በሌሊቱ ሙከራ ሽፋን የሠራ ውሃ ለዚህ አትጠቀሙ።

መጀመሪያ ምግቡን አዘጋጁ። 10 ግራም ዩሪያና 5 ግራም ኤን ፒ ኤስ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። አሳድሩትና ከላይ የጠራውን ብቻ ውሰዱ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ኤን ፒ ኤስ ደግሞ ፎስፈረሱን ያመጣል። በዚህ ልክ ሲደባለቁ ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ሰባት እጅ ያህል ናይትሮጅን ይደርሳል። አልጌም የሚፈልገው ወደዚያ የሚጠጋ ነው። ብረትና ሌሎች ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ከአፈር እናገኛለን። ማዳበሪያ ያልነካው የጓሮ አፈር በእጥፍ ውሃ ቀቅላችሁ አዝቅጡትና በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት።

አሁን 1 ሊትር የተፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ከማዳበሪያው ብጥብጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከአፈሩ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ሳታፈሉ ከተጠቀማችሁ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት። በመጨረሻ በድርብ ጥጥ ያጠለላችሁትን የሐይቅ ውሃ 50 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ማጥለሉ ግድ ነው፤ አልጌ የሚበሉ ጥቃቅን እንስሳት ካለፉ በጥቂት ቀን ሁሉንም ይጨርሱባችኋል።

ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት። አፉን በጥጥ ድፈኑት፣ በክዳን አታፍኑት። መስኮት አጠገብ ብርሃን ባለበት አስቀምጡት፤ የቀትር ፀሐይ ግን በቀጥታ አይምታው። የባሕር ዳር አየር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ማሞቂያ አያስፈልግም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነቅንቁት። የአኳሪየም አየር ፓምፕ ካላችሁ የተሻለ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፣ እንዳይዘቅጥም ያደርጋል። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ አረንጓዴ መሆን አለበት።

አንድ ዝርያ ብቻ ለማግኘት እያቀጠናችሁ ሂዱ። ስድስት ትናንሽ የተቀቀሉ ጠርሙሶች አዘጋጁ፤ በየአንዳንዱ 9 ሚሊ ሊትር ምግብ ያለው ውሃ አድርጉ። ከአረንጓዴው 1 ሚሊ ሊትር ወደ መጀመሪያው፣ ከመጀመሪያው 1 ሚሊ ሊትር ወደ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያላችሁ እስከ ስድስተኛው። በየመሐሉ ሲሪንጁን በፈላ ውሃ እጠቡ። በመጨረሻ አረንጓዴ ከሆኑት ውስጥ በጣም የቀጠነው ከጥቂት ሕዋሳት የተነሳ ነው። ያንን እንደገና ካቀጠናችሁት አንድ ዝርያ የማግኘት ዕድላችሁ ይጨምራል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አቋራጭ የለውም።

5ኛ ደረጃ፦ እድገቱን መለካት

ሳይለኩ «አደገ» ማለት ምርምር አይሆንም። ቀላሉ መንገድ ቀጭን ማስመሪያ ጫፍ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጭ ፕላስቲክ ለጥፎ ወደ አረንጓዴው ማስገባት ነው። የማይታይበትን ጥልቀት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝግቡ። ቁጥሩ እያነሰ ከሄደ አልጌው እየበዛ ነው።

የጤና ላብራቶሪዎች የደም ሕዋስ የሚቆጥሩበት ሂሞሳይቶሜትር ካገኛችሁ ደግሞ በቀጥታ ቁጠሩ። በአንድ ትልቅ ካሬ ውስጥ ያገኛችሁትን በ10,000 ስታባዙት በ1 ሚሊ ሊትር ያለውን ቁጥር ይሰጣችኋል። ሁልጊዜ ማዳበሪያ ያልተጨመረበት አንድ ጠርሙስ ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። እያንዳንዱን ሙከራም በሦስት ጠርሙስ ሥሩ። አንዱ ቢበላሽ ወይም ለብቻው ቢያፈነግጥ በሁለቱ ታውቁታላችሁ።

6ኛ ደረጃ፦ አዳኝ ሲመጣ ምን ይሆናል?

ይህ የምወደው ክፍል ነው። ዳፍኒያ የሚባል ዘለል ዘለል የሚል በዓይን የሚታይ ትንሽ የውሃ እንስሳ አለ። አልጌ አጣርቶ ይበላል። ዳፍኒያ ካለበት ኩሬ ጥቂት ያዙና በንጹሕ ውሃ ከአልጌ ጋር አንድ ቀን አቆዩዋቸው። ከዚያ ውሃውን በደንብ አጥሉት። እንስሳው መቅረት አለበት፤ የምንፈልገው ጠረኑን የያዘውን ውሃ ነው። ይህን ውሃ ነጠላ ሕዋስ በበዛበት የሴኔዴስመስ ጠርሙስ ላይ ጨምሩ፤ ለማነጻጸሪያ በሌላው ላይ ዳፍኒያ ያልነካው ውሃ ይጨመር። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ አራትና ስምንት ሆነው የተያያዙት ቁጥር ከበዛ አልጌው አደጋ ሸትቶታል ማለት ነው። ትልቅ ሆኖ መገኘት ከመበላት ያድናል። ይህን ውጤት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመውታል።

ይህ ግን ዝግመተ ለውጥ አይደለም። ጠረኑ ሲጠፋ አልጌው ወደ ነጠላነቱ ይመለሳል። ዘላቂ ለውጥ የታየው በሌላ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ይህ ሙከራ ክሎሬላን ከሚበላው አዳኝ ጋር አብሮ አሳደገ። ከ100 ባነሰ ትውልድ ውስጥ ስምንት ስምንት ሆኖ የተያያዘ ክሎሬላ በረከተ። አዳኙ ባይኖርም ተያይዞ መኖሩን ቀጠለ። ሁለቱን ለመለየት የእናንተን ሴኔዴስመስ ጠረኑ ወደሌለበት አዲስ ውሃ አዛውሩና ቁጠሩ።

7ኛ ደረጃ፦ ለምን ይጠቅማል?

ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የዓሣ ጫጩት መኖ ነው። ቆሮሶ አልጌ ይበላል፤ ጫጩቶቹም አልጌ በልተው የበዙ ጥቃቅን እንስሳትን ይበላሉ። ያሳደጋችሁትን አረንጓዴ ወደ ኩሬ ስትጨምሩ ማዳበሪያው ተመጥጦ ማለቁን አረጋግጡ፤ ከዩሪያ የሚወጣ አሞኒያ ዓሣ ይገድላል። በጣም የወፈረ አረንጓዴም አደገኛ ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ይወስዳል። ዓሦቹ ጎህ ሲቀድ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከከፈቱ ኩሬው ወፍሯል። ክንዳችሁን እስከ ክርን ስታስገቡ መዳፋችሁ በጭንቅ የሚታይ ከሆነ ደህና ነው፤ ከዚያ ቀድሞ ከጠፋ ንጹሕ ውሃ ጨምሩ፣ ማዳበሪያ አቁሙ።

ስፒሩሊናን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ከደረቅ ክብደቱ ከ55 እስከ 70 በመቶ ፕሮቲን ነው፤ በቻድ ሐይቅ የካኔምቡ ሴቶች ሰብስበው አድርቀው ይመገቡታል። በአገራችንም ቢሾፍቱ አጠገብ ባለው አረንጓዴ ሐይቅና በጪቱ ሐይቅ ይበቅላል። በጣና ግን አይሆንም። ስፒሩሊና ሶዳ የበዛበት፣ ፒኤች 9 እና 10 የሆነ ውሃ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሩክ የተባለ ተመራማሪ ያዘጋጀው የታወቀ ቀመር በሊትር 16.8 ግራም ቢካርቦኔት አለው። ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ንጹሕ ዘር ከላብራቶሪ ወስዶ በዝግ ገንዳ ይጀምር፤ ለሽያጭ ከማቅረቡ በፊትም ለከባድ ብረቶችና ለማይክሮሲስቲን ያስመርምር። ሥጋና ወተት ለማይበሉ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በስፒሩሊና ያለው ቢ12 በአብዛኛው ለሰው አካል የማይሠራው ዓይነት ነው።

ስለ አልጌ ነዳጅ ብዙ ተብሏል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ትልቅ ፕሮግራም ይዛ ሞክራለች፤ ዘይቱ ይወጣል፣ ዋጋው ግን አልቀመስ አለ። ለባሕር ዳር ወጣት የምመክረው ሥራ አይደለም።

በሃይላንድ ያሳደጋችሁትን ደግሞ ለሰው ምግብ አታድርጉት፤ ውስጡ ምን አብሮ እንዳደገ አታውቁም።

ሥራው ሲያልቅ

የተረፈውን ወደ ሐይቁ አትመልሱ። ጣና ማዳበሪያ አላነሰውም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየውን እምቦጭ የሚቀልበውም ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ይኸው ነው። አረንጓዴውን የጓሮ ተክል ሥር አፍሱት፤ ናይትሮጅኑ አይባክንም። ሽፋን የሠራውን ውሃ ግን ከቅጠላ ቅጠል አርቃችሁ፣ ከብትና ዶሮ በማይደርስበት ጉድጓድ ድፉት። ዕቃዎቹን በበረኪና እጠቡ። በደብተራችሁ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ነፋሱን፣ የሳህኑን ጥልቀትና ያያችኋቸውን አራቱን ወገኖች በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያው ሦስት ቦታ በኅዳር፣ በየካቲትና በግንቦት እንደገና ቅዱ።